ለባለቤቴ ጤነኛ አጥንት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ።

እኔ የገሳይ ቀበሌው ገበሬ የይሻው ሚስት ነኝ። ባለቤቴ ኮሮና ይዞት እናንተ ዘንድ በተኛ ጊዜ፣ ትንፋሹ እንዲመለስ ቀንና ሌሊት በሆዱ አስተኝታችሁ ነፍሱን አትርፋችኋል፤ ስለዚህ ያለ ምንም አሽሙር አመሰግናለሁ። ሲነቃ ግን ቀኝ ክንዱ ከትከሻው እስከ ጣቱ ደንዝዞ ማጭድ መጨበጥ አቃተው። ከዚህ በኋላ ያለው ምስጋና ሌላ ዓይነት ነው።

፩ኛ. ስለ ነርቩ ስንጠይቅ ፈጥናችሁ አጥንቱን ራጅ አንሥታችሁልናል። አጥንቱ እንዳልተሰበረ እኛም እናውቅ ነበር፤ በመንግሥት መሣሪያ መረጋገጡ ግን ክብር ነው።

፪ኛ. ነርቭ በአልትራሳውንድ ይታያል ሲባል ሰምቼ ብለምን፣ ሐኪምዎ «እሱ የነፍሰ ጡር ነው፤ ባልሽ አርግዟል እንዴ?» ብለው ወረፋ የያዘውን ሕዝብ ሁሉ አሳቁልን። በዚያ የጭንቅ ጊዜ ሰው ማሳቅ ቀላል አገልግሎት አይደለም።

፫ኛ. «ችግር የለበትም፣ ሥራውን ይቀጥል» ብላችሁ ማኅተም የመታችሁበትን ወረቀት የወንፈል ጓደኞቹ አስነብበው ሰሙ። ልግመኛ ነው ብለውም ከወንፈሉ አስወጡት። የገዛ ወንድሙ አለምነው እንኳ ከማኅተሙ በላይ አላመነውም። ያን ዓመት ጤፉን ብቻዬን አጨድሁ፤ ያልደረስሁበትን ያለወቅቱ የመጣ ዝናብ ወሰደው። ይሻው ደጃፍ ተቀምጦ ያየኝ ነበር፤ ሰው ሲያልፍ በጋቢው ይሸፈናል። ይህንንም ከአገልግሎታችሁ ይቁጠሩልኝ።

በመጨረሻ ላሚቱን ሸጠን ባሕር ዳር ሄድን። እዚያ ያለችው ሐኪም ያንኑ የነፍሰ ጡር መሣሪያ ከአንገቱ ሥር አስጠግታ፣ በሆዱ ተኝቶ ሳለ ተጨቁኖ ያበጠውን ነርቭ በጣቷ እያመለከተች አሳየችን። ይሻው አለቀሰ። ደስ ብሎት ነው፤ ልግመኛ አለመሆኑን በዓይኑ አየ። ቀጥላም በጊዜው ቢመጣ ይጠገን እንደነበር፣ አሁን ግን ጡንቻው እንደሞተ ነገረችን።

እንግዲህ የአንድን ገበሬ ቀኝ እጅ ሳይሰብር፣ ሳይቆርጥ፣ ጠብታ ደም ሳያፈስ ለዘለዓለም ላሰናበተው አመራርዎ ያለኝን አድናቆት እየገለጽሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ሰብለወንጌል
ከገሳይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎም ከኮሮና ካገገሙ በኋላ እግርዎ ቢደነዝዝ፣ ለነርቭ ምስል አዲስ አበባ ድረስ ሄደው በጊዜው ታክመው መዳንዎን ሰማሁ። እንኳን እግዚአብሔር ማረዎ። ግን ያን ሁሉ መንገድ ምን አደከመዎ? ራጁ ከቢሮዎ ሥር ነው፤ ያው ሐኪምዎ አጥንትዎ ደህና መሆኑን ነግረው ወደ ሥራዎ ይመልሱዎ ነበር።