መስመሩ ከተነሳ ወዲህ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ የግራ ጉልበትሽስ እንዴት ነው? አሁንም ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግርሻል? ታናሽ ወንድሜ ከጨው ማድረቂያው ሥራ ጋር ተስማማ ወይስ ዛሬም ጀርባዬን እያለ ያማርራል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም፣ ፈጣሪ ይመስገን። ከስታለች ብለው የነገሩሽን ሰዎች አትስሚያቸው፤ ጸጉሬን ስለተቆረጥኩ ነው።

ወደ ዋናው ወሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ይህን ደብዳቤ ያመጣልሽ ሰው ተራራውን በእግሩ አቋርጦ ነው የመጣው። ቤት አስገቢውና ውሃ ስጪው። ጫማውን አውልቆ አረፍ ካለ በኋላ መነጽርሽን አድርጊና ንባብሽን ቀጥዪ። ምክንያቱን ቆየት ብዬ እነግርሻለሁ።

በጨው ነጋዴዎቹ የላክሽብኝ መልእክት ደርሶኛል። አንዲት ቃል ሳያጎድሉ ነው ያደረሱት፤ ያውም ገበያ መሃል ቆመው፣ ድምፅሽን አስመስለው። "የልጄን ድምፅ የቆረጠብኝ ሰው ደጄን እንዳይረግጥ" ብለሻል። ስልኩ ጸጥ ካለ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣሽ፣ ስልክ ቤት እየሄድሽ ባዶውን ቀፎ እንደምታዳምጪም ነግረውኛል። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላሽው። ለእነሱ ሳቅኩላቸው፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለታችኛው ሰፈር ውሃ የሚስበው ትልቁ ፓምፕ ሞተሩ ተቃጠለ። እናንተ ምንጭ ስላላችሁ ችግሩን አታውቁትም፤ የእኛ ውሃ ከጉድጓድ ነው፣ ጉድጓዱም እንደ ሰው ተንኮል ጥልቅ ነው። ሰዉ ጀሪካኑን ተሸክሞ የላይኛውን ሰፈር ደጅ ይጠና ጀመር። ሞተሩን ለማስነሳት አዲስ የመዳብ ሽቦ ያስፈልጋል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ይህች ምድራችን በድንጋይ፣ በጨውና በብረት አትታማም፤ መዳብ ግን አልፈጠረባትም። አያቶቻችን ጠፈር አቋርጠው ከመጡባት መርከብ ከወጣው በቀር እስከ ዛሬ ቅንጣት አልተገኘም፣ መርከቧም ተፈትታ ካለቀች ቆይታለች። ትምህርት ቤት ቴሌቪዥኑንም፣ ኮምፒውተሩንም፣ ሌላውንም ሁሉ በሥዕል ተምረናል። እንዴት እንደሚሠራ እናውቃለን፤ የምንሠራበትን ነው ያጣነው። እዚህ አንድ አዲስ ነገር መሥራት የፈለገ ሰው መጀመሪያ አንድ አሮጌ ነገር ማፍረስ አለበት።

ታዲያ የቱ ይፍረስ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። አንዱ የአውራ ጎዳናው መብራት ይነሳ አለ። ሌላው የዳቦ ቤቱ ማቡኪያ ማሽን ሲል ጋጋሪው "እኔ በቁሜ እያለሁማ አይሆንም" ብሎ በር ላይ ሄዶ ቆመ፣ ማቡኪያውን ከዚያው ስብሰባ ይዘው የሚሄዱ ይመስል። የሐኪም ቤቱን ማቀዝቀዣ ያነሳውን ሰውማ ሁሉም ገላመጠው። በመጨረሻ አንድ ሰው ተነስቶ የተራራው የስልክ መስመር ይፈታ አለ። ያ ሰው እኔ ነኝ፣ እናቴ።

አውቃለሁ፣ አሁን መነጽርሽን አውልቀሽ ጣራ ጣራውን እያየሽ ነው። ቆይ፣ አትቆጪ። እንደምታውቂው ሞተር ላይ ሽቦ የምጠቀልል ሞተር ጠቅላይ ነኝ፤ በዚህ ከተማ ጠቅላይ የሚባል ማዕረግ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፣ ማንም ግን አይሰግድልኝም። ለዚያ ሞተር የሚበቃ መዳብ ባንድ ላይ ያለው ደግሞ ምሰሶዎቹ ላይ ብቻ ነው። የስልኩን መዳብ በብረት ሽቦ እንተካዋለን ብለው ድሮ ሞክረው ነበር፤ የጨው ነፋሱ አዝጎ በአንድ ክረምት በጣጠሰው።

ደግሞስ እውነቱን እናውራ ካልን፣ በዚያ ስልክ ምን ተባብለን እናውቃለን? በየሳምንቱ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ አንቺ ገና ደህና ነሽ ወይ ሳትይ "መቼ ነው አግብተሽ መስመር የምትይዢው?" ብለሽ ትጮሂያለሽ። ድምፅሽ ከጆሮዬ አልፎ ለሰልፈኛው ሁሉ ይዳረሳል። የስልክ ቤቷ ሴትዮ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት "መስመሩንማ ይዛለች፣ ይኸው ቀፎው በእጇ ነው" ትላለች፤ ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ ምን ልመልስልሽ? አየሩ ደህና ነው እልሻለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ስለ አየር ብቻ አወራን! ሆዴ ያለውን ልነግርሽ የቻልኩት ይኸው ዛሬ፣ ስልኩ ከጠፋ በኋላ ነው።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። ሐሳቡን ስሰነዝር ሁሉም ዞሮ አንድ ሰው አየ፤ የመስመር ሠራተኛውን። ምሰሶዎቹን ያቆመው አባቱ ነው፣ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ መሰላል ላይ የኖረ ሰው ነው። መስመሩ ተነሳ ማለት መተዳደሪያው ተነሳ ማለት ነው። ይሰድበኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ጠበቅኩት። እሱ ግን ብድግ ብሎ "መቼ ልጀምር?" አለና ተቀመጠ። 

ከዚያማ ከተራራው እየፈታ በትከሻው ያመጣልን ጀመር። ወፍራሙን ሽቦ በብረት ቀዳዳ እየጎተትን እናቀጥነዋለን፣ ቫርኒሽ እናለብሰዋለን፣ ከዚያ እኔ ሞተሩ ላይ እጠቀልለዋለሁ። የእሱ ሥራ አስረክቦ መሄድ ነበር። አይሄድም። እጅጌውን ጠቅልሎ አብሮን ይጎትታል። ጸባዩ ሸጋ ነው፤ ችግሩ ድምፁ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሚንኮሻኮሽ መስመር ሲጮህ ስለኖረ አጠገብሽ ተቀምጦም ተራራ ማዶ ያለሽ ይመስለዋል። ንግግሩን በጨረሰ ቁጥርም ተሰማ ወይ ይላል። አንድ ቀን "እጅሽ ደክሟል፣ እረፊ፣ ተሰማ ወይ?" ብሎ ሲጮህብኝ ወርክሾፑ በሙሉ ሥራውን አቁሞ እጄን አየ። በአፍረት ልሞት ደረስኩ። አረፍኩ ግን።

ፓምፑ የተነሳ ዕለት የታችኛው ሰፈር ሰው አንድም ቤት የቀረ አልነበረም። ውሃው ከቧንቧው ሲፈነዳ ሕፃን አዋቂ ሳይል ሁሉም ከነልብሱ ገባበት። ሞተሩ ይንደቀደቃል፣ ሰዉ በደስታ ይጮሃል። ሁሉም በሚጮህበት በዚያ ሰዓት ይህ ጯሂ ሰው ጠጋ አለኝና፣ ከተወለደ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ተሰማ ወይ አላለም። አልሰማሁህም ብዬ ደግሜ አስባልኩት። መስማቱንስ በመጀመሪያውም ሰምቼው ነበር።

ስትመለስ እመልስልሃለሁ አልኩት። ከየት ነው የምመለሰው ቢለኝ፣ ለእናቴ ደብዳቤ አድርሰህ አልኩት። አሁን ያንቺን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ስልክ ያጣው ሁሉ መጻፍ ስለጀመረ ከረጢቱ ሙሉ ሆኗል። በምሰሶዎቹ ሥር የሚሄደውን መንገድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለም ደብዳቤ አመላላሽ አድርገው ቀጥረውታል።

እንግዲህ ገባሽ አይደል? ደጄን እንዳይረግጥ ያልሽው ሰው ውሃሽን ጠጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ ፊትሽ ተቀምጧል። ከዚህ በኋላ ማስወጣት ነውር ነው። መቆጣት ካለብሽም እኔን ተቆጪኝ፣ ሐሳቡ የእኔ ነውና። ቸኩያለሁ ቢልሽ አትመኚው፤ ከእሱ በቀር ሌላ አመላላሽ የለም፣ ማንን ሊቀድም ነው የሚቸኩለው? አሳድሪው። ሲያወራሽ የተቆጣ እንዳይመስልሽ፤ ለጆሮሽ እንዲያውም ይመቻል። ወንድሜም እንዳያሾፍበት አደራ። በደንብ እይልኝ። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ፤ አንቺ ሳታይ ግን አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም።

በደብዳቤው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። የታሸገ ነገር አይከፍትም፣ ፖስታ ላይ የተጻፈውን ግን ሳያነብ አያልፍም። ስለዚህ ቅር የሚያሰኝ ነገር ካየሽበት ከውስጥ ጻፊውና በደንብ አሽጊው፤ ብቻዬን ላንብበው፣ እንዴት እንደምነግረው እኔ አውቃለሁ። ደስ ካለሽ ግን፣ እናቴ፣ ወረቀት አታባክኚ። ፖስታው ላይ፣ ከእኔ ስም ሥር፣ በትልልቁ ጻፊው። ተራራውን ሁሉ እያነበበው ይምጣ።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ቤትሽን ሳቅ አይለየው፣ በሰላም ያገናኘን።

የምትወድሽ ትልቋ ልጅሽ

ቀለም ቢጠፋብሽ ብዬ አንድ ጠርሙስ በከረጢቱ ልኬልሻለሁ። ዝናብ የማያስለቅቀውን ነው የመረጥኩልሽ።