ባለ መሰላል ድልድይ ስለተሠራልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የድልድያችን አሠሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ
ሶዶ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ደኅና ነው? ወገብዎስ? ከቦልቆ ወንዝ ማዶ የምንኖር ሰዎች ስለ ሰው ጉልበት አጥብቀን መጠየቅ የጀመርነው እርስዎ ድልድይ ከሠሩልን ወዲህ ነውና ጥያቄዬን በፍቅር ይቀበሉልኝ። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ይጠብቅ፤ አንድ ቀን ወደ እኛ የመጡ እንደሆነ ያስፈልግዎታል።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ኤርካሎ ሶርሳ በገዛ እጄ ነው። እስከ አምና ድረስ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር፤ ዘንድሮ ግን በማታ ትምህርት ከጎልማሶቹ ሁሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። መምህርታችን ማክዳ አንደኛ የወጣሁት በጩኸት ነው ትላለች፤ እኔ ደረጃውን እንጂ የትምህርቱን ዓይነት አልጠየቅኋትም። ስለዚህ ራፖር ጸሐፊ አላስቸገርኩም፤ ምስጋናውም ቁጣውም የራሴ ነው።

አንደኛ፦ ድልድዩ ስለሚያምር አመሰግናለሁ። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ከመሬት ጋር አልተገናኘም። በወዲህም በወዲያም ጫፉ ከሰው ቁመት በላይ ተንጠልጥሎ ስለቀረ፣ ከባሕር ዛፍ መሰላል ሠርተን በአንዱ እንወጣለን፣ በሌላው እንወርዳለን። ወደ ቦዲቲ ገበያ የሚነዱት በሬዎቻችን ግን መሰላል አንወጣም ብለው አምፀዋል፤ የማታ ትምህርት ስላልገቡ ይቅር ይበሏቸው።

ሁለተኛ፦ ስለ ምረቃው ቀን አመሰግናለሁ። ያን ዕለት መሰላል የሚባል ነገር አልነበረም። በአይሱዙ የመጣ የእንጨት መወጣጫ ከድልድዩ ጫፍ ተገጥሞ፣ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎበት፣ እርስዎም ሪባን ቆርጠው በግርማ ተራመዱበት። እኔም ከሰው ሁሉ አብልጬ አጨበጨብኩ፤ በማጨብጨብ የሚያህለኝ እስካሁን አልተወለደም። መወጣጫው የድልድዩ አካል መስሎን ነበር። እንግዶቹ ምሳ በልተው ሲነሱ ግን ሠራተኞቹ ፈታትተው ጫኑት፤ ለካ የኪራይ ኖሯል! ጎረቤቴ አምባቸው ከመኪናው ኋላ እየሮጠ፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ የድልድያችንን ግማሽ ይዛችሁ ሄዳችሁ!» ብሎ ቢጮህ፣ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «አባባ፣ የእናንተ ኮንክሪቱ ብቻ ነው» አለው።

ሦስተኛ፦ ስለ በጀቱ ማብራሪያ አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ እንዳስረዱን ኮንክሪቱ የተሠራው ከውጭ በተገኘ ብድር ነው፤ ወደ ድልድዩ የሚያስወጣው የአፈር ሙሌት ግን አበዳሪዎቹን ስለማይመለከት በአገር ውስጥ በጀት መሸፈን ነበረበት፤ ያ በጀት ደግሞ ለድንኳን፣ ለወንበር፣ ለኮፍያና ለምሳ «ተዛውሯል»። ክቡርነትዎ፣ ብድር ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሬ በብድር ገዝቼ አውቃለሁ፤ በሬው ግን አርሶልኛል። ይህን የእርስዎን ብድር ገና ያልተወለዱ ልጆቻችን ሳይቀሩ ይከፍሉታል። ሰው አፈር በላ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ አፈር ከነሰላጣው ሲበላ ያየሁት በእርስዎ ምረቃ ነው።

የሚቀጥለውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ባለቤቴ ሽታዬ ወሯ ገብቷል። ያለፈውን ልጃችንን የወለደችው በኦፕራሲዮን ስለሆነ፣ ሶዶ ያለው የኦቶና ሆስፒታል ሐኪሞች ይህኛው በምንም ዓይነት ቤት እንዳይወለድ አስጠንቅቀውናል። በበጋ ቢሆን በቃሬዛ በወንዙ ውስጥ እናሻግራት ነበር፤ አሁን ክረምቱ ስለገባ ቦልቆ ሰው ይወስዳል። ባለፈው ሳምንት መሰላሉን ልትሞክረው ብላ እመሃል ስትደርስ ራሷን አዞራትና ተሸክሜ አወረድኳት። እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ «አንተ ጩኸታም፣ ፊደል የቆጠርከው ለመቼ ነው? በል ጻፍላቸው!» አለችኝ። ቃሬዛ መሰላል አይወጣም፣ ክቡርነትዎ።

ችግሩን በራሳችን ልንጨርሰው ዳጎ ጠርተን ነበር። እርስዎ ከሌላ አገር ተመድበው ስለመጡ ላስረዳዎ፤ ዳጎ ማለት ጎረቤት ሁሉ መቆፈሪያውን ይዞ ወጥቶ ያንድ ሰው ሥራ ባንድ ቀን የሚጨርስበት፣ ባለጉዳዩም የሚያበላበት የአባቶቻችን ደንብ ነው። መቆፈሪያችንን አንስተን ስንወጣ ግን፣ ያለ ባለሙያ ጥናት በፕሮጀክቱ ክልል አፈር የደፋ በሕግ ይጠየቃል የሚል ማስጠንቀቂያ ከመሥሪያ ቤትዎ ደረሰን። እርስዎ አይሞሉት፣ እኛን አያስሞሉን። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ለምረቃው ምሳ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አፈር በኖረን ነበር።

ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ዳጎ መኖሩን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። በወዲህ በኩል እኛ፣ በወዲያ በኩል የማዶ ጎረቤቶቻችን እንሞላለን። አፈሩ ከእኔ ማሳ ይቆፈራል፤ ምሳው ቦይና የምንለው የተቀቀለ ሥራሥር በዳጣ ነው፤ ድንኳን የለም። ጥናት ካስፈለገ አጥንተናል፤ ሽታዬን ተሸክሜ ያወረድኩ ቀን ጥናቱ አልቋል። የሚጠየቅ ሰው ከተፈለገም እኔ ነኝ።

የተቀመጡበት ወንበር እግሩ መሬት የረገጠ ይሁንልዎ እያልኩ፣ በከንቱ ባጨበጨበ እጄ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ምስጋናው ያላለቀበት
ኤርካሎ ሶርሳ
ከቦልቆ ማዶ

ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜ ፖሊስ ለመላክ ካሰቡ፣ እባክዎ ከምሳ በኋላ ይላኩ፤ ከዚያ በፊት መኪናቸው አይሻገርም። ከምሳ በኋላ ግን ሞልተን ስለምንጨርስ እስከ ደጄ ድረስ ይነዳሉ። እኔን ከኋላ ይጫኑኝ፤ የፊቱን መቀመጫ ለሽታዬ ይተዉላት። እሷን ኦቶና ያውርዱልኝ፤ እኔን ከዚያ ወዲያ ወደ ፈለጉበት ይውሰዱኝ።