የእማዬ ላፕቶፕና ያንቺ ስልክ ቁጥር

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣ ለእናቴ ልጅ ለሚጢ።

እንደምን አለሽልኝ? እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ? ያን ሁሉ የሆቴል አንሶላ ስታጥፊ ውለሽ ማታ ማታ የሚይዝሽ ቁርጥማት ተወሽ ወይስ አሁንም አለ? ከእንፋሎቱ ወደ ብርዱ ስትወጪ ደረትሽን ትሸፍኛለሽ? ምግብ በሰዓቱ ትበያለሽ? አብራሽ የምትኖረዋ ልጅስ ደህና ናት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ተመስገን። እማዬ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ከማማረሯ በቀር ምንም አልሆነችም። ባለቤቴ ደህና ነው፣ ልጄ ደህና ናት፣ ላፕቶፑም ደህና ነው። ላፕቶፑን ከቤተሰቡ ጋር የቆጠርኩት ተሳስቼ አይደለም። ደብዳቤውን አንብበሽ ስትጨርሺ ይገባሻል።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። የምትደውዪው በእማዬ ስልክ ነዋ። ስትደውይ ድምፁን ለቅቃ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እኔ ከስፌት መኪናው ሳልነሳ «ደህና ነሽ?» ብዬ ሳልጨርስ «ቆይ እስቲ፣ ልጄን ላናግርበት» ትለኛለች። ልጄን ነው የምትለው። እኔ እንግዲህ ጎረቤት ነኝ። በዚያ ላይ አሁን የምነግርሽ ነገር እሷ ቁጭ ብላ እየሰማች የሚወራ አይደለም። ስለዚህ ላፕቶፑን ያመጣልን ሰውዬ ወዳንቺ ሲመለስ ይዞልኝ እንዲሄድ ይህን ጻፍኩ።

የሆዴን ልንገርሽ፤ ቀንቻለሁ። መጀመሪያ ድካም ነው አልኩ፤ ቀጥዬ የሥራ ብዛት ነው አልኩ። ባለቤቴ አንድ ቀን ፊቴን አይቶ ማን ነክቶሽ ነው አለኝ፤ የነካኝ ሰው ግን የለም። ቅናት ነው። የቀናሁትም ባንቺ ነው።

ላፕቶፑ ከገባ ጀምሮ እዚህ ቤት ቦታ የለኝም። ከመስኮቱ ሥር ያለውን የመቁረጫ ጠረጴዛ ታውቂው የለ፤ በቤቱ ውስጥ በቂ ብርሃን የሚያገኘው እሱ ብቻ ነው። አሁን ላፕቶፑ እዚያ ላይ ተሰይሟል፣ እኔ ጨርቅ የምቆርጠው አልጋ ላይ ነው። ከአንዲት ሙሽራ ካባ የተረፈኝን ሰማያዊ ከፈይ ለልጄ ቀሚስ አንገት ላደርገው ደብቄ አስቀምጬ ነበር። እማዬ ከደበቅኩበት አውጥታ ለላፕቶፑ ልብስ ሰፋችለት። ጉልበቴን አሞኛል ብላ የስፌት መኪናውን መርገጥ ከተወች ቆይታለች፤ ለላፕቶፑ ሲሆን ግን ጉልበቷ ዳነ። ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የእሱን አቧራ ትጠርጋለች። ጎረቤት ሲመጣ ከፈዩን ቀስ ብላ ገልጣ «ሚጢ የላከችው ነው» ትላለች፤ ባለወፍጮዋ ሴትዮ እንኳ ወፍጮዋን አቁማ መጥታ አይታ ሄዳለች። እኔ የምሰፋውን ለማየት ወፍጮ ያቆመ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይሉ ነበር፤ በኛ ቤት ተገላቢጦሽ ነው። ለኔ የተባለው የቅርብ ጸበል የልጥ መንከሪያ ነው የሚለው ነው።

ላፕቶፑ ያስፈልገን እንደነበር አልክድም። የእማዬን የወረቀት ልኮች ታስታውሻለሽ፤ እጅጌውን፣ አንገትጌውን፣ የቀሚሱን ጀርባ በቡናማ ወረቀት ቆርጣ ከበሩ ኋላ ካርቶን ውስጥ የምታስቀምጣቸውን። ጣራው ማፍሰስ ከጀመረ ወዲህ እየረጠቡ ጠርዛቸው ይቆረስ ጀምሮ ነበር። ስፌት ቤቱ የሚኖረው በነሱ ነው። ያለነሱ እኔ መርፌ ይዤ የተቀመጥኩ ሴት ነኝ፤ እንደ እማዬ ሰውን በዓይኔ ለክቼ መቁረጥ አልችልም። ይህንን ሰምተሽ ላፕቶፑን ላክሽልን፤ እጅሽ ይባረክ። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዷን ወረቀት መሬት ላይ ዘርግቼ፣ ሜትሩን አጠገቧ አጋድሜ፣ ተንበርክኬ ፎቶ እያነሳሁ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የኔም ጉልበት ጉልበት ነው። ምስጋናው ግን በስልክ ወዳንቺ ሄደ።

ባለቤቴ እንደምታውቂው ያለ ትርፍ ጎማ ከሰፈር የማይወጣ ሾፌር ነው። አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ነገር እንደሌለ ነው የሚቆጠረው ብሎ ኮምፒውተር ሠሪውን ይዞ መጣ። ሠሪው ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ለላፕቶፕ የሚታሰበው ገና አዲስ ሆኖ፣ ጤነኛ ሳለ ነው አለን። ልኮቹ ሁሉ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ እንዲገለበጡና ዲስኩ ከላፕቶፑ ጋር እንዳያድር፤ ማሽኑ አልነሳም ያለ ቀን የሚያስነሳው ፍላሽ እንዲዘጋጅ፤ ፓስወርዱ ቢጠፋ ደግሞ የማረጋገጫ ቁጥር የሚላክለት አንድ የሚታመን ሰው እንዲመዘገብ መከረን። ያዘዘው ሃርድ ዲስክ ስላልደረሰለት ከመጨረሻው ጀመረ። «እማማ፣ የሚያምኑት ሰው ማነው? ስልክ ቁጥሩን ይንገሩኝ» አላት።

እኔ ስልኬን ከሽርጤ ኪስ እያወጣሁ ነበር። እማዬ ቁጥሬን ስለማታውቀው ላነብላት ብዬ ነው። እሷ ግን ያንቺን ቁጥር፣ ያንን ረጅሙን ከነኮዱ፣ አንድም ሳትስት በቃሏ አነበነበችው። የኔን አታውቀውም፤ ያንቺን እንደ ጸሎት ትደግመዋለች። ምን ያድርግላት፣ እኔን ስትፈልገኝ ከጓዳ ትጣራለች። ስልኬን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ማንም ያላየኝ መስሎኝ ነበር፤ ባለቤቴ ግን አይቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

ከዚያ ሠሪው ፓስወርዱን ራሷ ብቻ እንድታውቀው ፊቱን አዞረላት፤ እሷም መረጠችና ጻፈች። ላፕቶፑን አጥፍቶ አስነሳውና አሁን ይክፈቱት አላት። ጻፈች፤ አልሆነም። እኛን ወዲያ ሂዱ ብላ፣ በክንዷ ጋርዳ፣ ደግማ ደጋግማ ጻፈች። በመጨረሻ ላፕቶፑ አኮረፈ። በተመዘገበው ሰው በኩል ካልሆነ ከእንግዲህ አልከፍትም አለ። ሠሪው ምንም አልደነገጠም፤ ያልተሞከረ መጠባበቂያ መጠባበቂያ አይባልምና እንዲያውም ጥሩ ሆነ አለ። የማረጋገጫ ቁጥሩ ወዳንቺ ስልክ ተላከ። ደወልን። ስልክሽ ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ይጠራል፣ አይነሳም። ሥራ ላይ ስትሆኚ ስልክሽን ሎከር ውስጥ ቆልፈሽ እንደምትገቢ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ያኔ ግን ማን አስታወሰ።

እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅሽም። «አየሽ?» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ መሃል የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለባልደረቦቿ ሁሉ የሚሆን የጋውን ጨርቅ ተሸክማ ከች አለች። ግድ የለም፣ ላፕቶፑ ባይከፈት በወረቀቱ እቆርጣለሁ ብዬ ወደ በሩ ኋላ ሄድኩ። ካርቶኑ ውስጥ ድመታችን ተኝታለች። ከድመቷ ሥር ምንም የለም።

ወረቀቶቹስ ብዬ እማዬን ጠየቅኳት። ዳቦ ጋጋሪዋ ሴትዮ መጠቅለያ ቸገረኝ ስትል ሰምታ ጠዋት ሰጥታታለች። ማሽኑ ውስጥ ገብተዋል አላልሽኝም ወይ አለችኝ፤ ደግሞም ካርቶኑ አይጥ እያፈራ ነበር አለች። ለአርባ ዓመት አንድ ቁራጭ ክር ያልጣለች ሴትዮ፣ አንቺ በላክሽው ዕቃ ላይ ያላት እምነት እዚህ ድረስ ነው። ነርሷ ፊት ምራቄን ውጬ ጨርቁን ተቀበልኩና በጓሮ በር ወጥቼ ሮጥኩ።

ሜትሩ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ መርፌዎቹ ደረቴ ላይ እንደተሰኩ ነው የሮጥኩት። ባለ ዳቦዋ ደንግጣ የቀራትን ሰጠችኝ፤ ኪሶችና አንድ የግራ እጅጌ። ሌላው ሰፈሩን ዞሮታል። አንድ ሽማግሌ ዳቦአቸውን በሙሽራ ቀሚስ ጀርባ ጠቅልለው ሲሄዱ ደርሼባቸው ለመንኳቸው። ዳቦውን በእጃቸው ያዙና ወረቀቱን ሰጡኝ፤ ይቺ ልጅ ምን ነካት የሚል ፊት እያሳዩኝ። ያን ወረቀት ደረቴ ላይ አቅፌ እየተመለስኩ ያሰብኩትን ልንገርሽ። እኔ መንገድ ለመንገድ እየለመንኩ የምሰበስበው የእማዬ ሥራ ሁሉ፣ የልጄም እንጀራ፣ አንድ ሎከር ውስጥ ተቆልፎ በሚጮኽ ስልክሽ ላይ ተንጠልጥሏል። ተናደድኩብሽ። ሥራ ላይ በመሆንሽ ተናደድኩብሽ።

አመሻሽ ላይ ደወልሽ። ሠሪው ቁጥሩን እንደገና አስላከ፣ አንቺ አነበብሽ፣ እማዬ ጮክ ብላ ደገመች፣ ላፕቶፑ ተከፈተ። ልኮቹ አንድም ሳይጎድል ሁሉም ነበሩ። እማዬ እንባዋን እየጠረገች እንደማታሳፍረኝ አውቄ ነበር አለች። እኔ እግሬ አቧራ እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የማታሳፍራት ግን አንቺ ነሽ። አንቺ ደግሞ ልታጽናኚን ብለሽ፣ እኔም አንድ ጊዜ ስልኬ እንዲሁ ተቆልፎብኝ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ቁጥር ተመዝግቦ ስለነበር ነው የከፈትኩት ብለሽ ሳቅሽ። እማዬም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሃርድ ዲስኩ ከዚያ በኋላ ደረሰ። ልኮቹ ተገልብጠዋል፤ ዲስኩ ባለወፍጮዋ ቤት፣ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ነው የሚያድረው። አዲስ ልክ ባስገባሁ ቁጥር አምጥቼ ገልብጬ እመልሰዋለሁ። ፍላሹን እማዬ ከቁልፎቹ ጣሳ ውስጥ ከሸሚዝ ቁልፍ ጋር አስቀምጣዋለች። ሠሪው ስቆ ይሁን ብሏታል። የነርሷም ጋውኖች አልቀው ተወስደዋል።

ጋውኖቹን ስቆርጥ ግን አኩርፌ ነበር። መቀሱን ከሚገባው በላይ አስጮህኩት መሰለኝ እማዬ ምን ሆነሻል አለችኝ። ነገርኳት። አጠገብሽ ያለሁት እኔ፣ ጉልበትሽን የማሸው እኔ፣ ልኮቹን የምቆርጠው እኔ፤ የሚታመን ሰው ማነው ሲሉሽ ግን መቀስ ይዛ የማታውቀውን ጠራሽ አልኳት። እማዬ አጠገቧ የነበረውን ሸሚዝ አንስታ ገለበጠችና ከውስጥ በኩል ትርፍ ቁልፍ የምንሰፋበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ። ትርፏ ቁልፍ ሸሚዙ ላይ ከተሰፋች ሸሚዙ የጠፋ ቀን አብራ ትጠፋለች አለችኝ። «እኔና አንቺ አንድ ጣራ ሥር ነን፤ ቤቱን እሳት ቢበላው አብረን ነን፤ ሚጢን ያስያዝኳት ሩቅ ስለሆነች ነው። አንቺማ ትርፍ አይደለሽም፣ አንቺ ሸሚዙ ነሽ» አለችኝ።

ደስ አለኝ፤ ስፌት መኪናው ጋ ተመልሼ እስክቀመጥ ድረስ። ከዚያ አሰብኩት። ሸሚዝ ይለበሳል፣ ላብ ይጠጣል፣ ይታጠባል፣ ተመልሶ ይለበሳል። ሸሚዝን የሚናፍቅ የለም። ትርፏ ቁልፍ ግን በጨርቅ ተጠቅልላ ትቀመጣለች፤ አለች ወይ ተብሎም በየጊዜው ይታያል። እማዬ እውነቷን ነው፤ እውነቷ ግን ቅናቴን አላሻረውም። ለባለቤቴ ብነግረው በትርፍ ጎማ የሚቀና ጎማ አይቼ አላውቅም ብሎ ሳቀብኝ። ጎማ ብሆን ኖሮ እኔም አልቀናም ነበር።

እና አንድ ነገር ልለምንሽ። አብራሽ የምትኖረዋ ልጅ መልካም ልጅ ናት፤ ስትታመሚም ያስታመመችሽ እሷ ናት። በእማዬ ሒሳብ ግን እዚያው ሸሚዝ ላይ የተሰፋች ቁልፍ ናት። አያድርገውና ክፍላችሁ አንድ ነገር ቢደርስበት ስልክሽም ስልኳም አብረው ነው የሚሄዱት። የሷን ቁጥር አውጪና የኔን አስገቢ። እኔ ለእማዬ ሩቅ መሆን አልችልም፤ ጥያት የትም አልሄድም። ላንቺ ግን ሩቅ ነኝ።

እማዬ ስጽፍ አይታ ምን እንደምጽፍ ሳትጠይቅ ጉንጯን ሳሚልኝ ብላለች። ባለቤቴ መንገድ ላይ ቢሆንም ሰላም በይልኝ ብሎ ነው የወጣው። ልጄ አክስቴን ሳሚልኝ፣ ከፈይም ካለ ትላክልኝ ብላለች። ባለወፍጮዋ ሃርድ ዲስኩ ደህና አድሯል በይልኝ ብላለች። አብራሽ ለምትኖረው ልጅ ከልቤ ሰላምታ ስጪልኝ፤ ቅናቴን ግን አትንገሪያት።

ስልኬ ከስፌት መኪናው አጠገብ አይጠፋም፤ ሥራ ላይም ብሆን አነሳለሁ። ቁጥሬን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ስልክሽ ውስጥ ብቻ አስገብተሽ እንዳትተዪው፤ በቃልሽ ያዢው።

ታላቅ እህትሽ፣ ሸሚዙ

ከእማዬ ስፌት ቤት፣ ጠረጴዛው ስለተያዘ ከአልጋው ጠርዝ ላይ
እሁድ ከሰዓት በኋላ