የሰዓቱ ዝናብ

ሜይ 12

ደመና። ምሳ የሩዝ ጥቅልል፣ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ። የክፍለ ሀገሩን የአርባ ዓመት የዝናብ መረጃ እንደገና አሰላሁ። የቀን ድምሩ ያው ነው... ጭማሪ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሰላው ያው።

ከሰዓት በኋላ አዲሷ ተመራማሪ ናጊሳ ለፕሮፌሰር ኩዋባራ አንድ ግራፍ አሳየች። የቀኑን ድምር ትታ በየሰዓቱ የወረደውን ነው የወሰደችው። ውኃው ያው ነው፤ ግን ሰማዩ በጥቂት ሰዓት ይደፋዋል። አየሩ በሞቀ ቁጥር ይብስበታል።

"ይሄ እስከ ዛሬ እንዴት አልታየንም?" አሉ ፕሮፌሰሩ። "አልታየንም" ሲሉ የሚያዩት እኔን ነው።

እውነትም፣ እንዴት አልታየኝም?

ሜይ 15

ከባልደረቦች ጋር እራት ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ናጊሳ። ቢራ ስትቀዳ እንኳ ያምርባታል። ጠላኋት... አይ፣ አልጠላኋትም። ቦታዋን ነው የፈለግኩት። ይሄ ሳይብስ አይቀርም።

ሜይ 21

የከተማው ጽሕፈት ቤት ጠርቷታል። ወንዝ ዳር ያለው መዋዕለ ሕፃናት ለዝናቡ ወራት ይዛወር ወይስ ባለበት ይቆይ? እሷ ታስረዳ ተባለ። እኔን በዚህ ሁሉ ዓመት ማን ጠራኝ?

"ቺዙሩ፣ እባክዎ አብረውኝ ይምጡ። ብቻዬን እፈራለሁ" አለችኝ።

ፈገግ አልኩላት። በጥርሴ ብቻ።

ሜይ 27

አገኘሁባት! ትልቁን ጭማሪ ያሳየው የተራራው ጣቢያ ነው። እሱ ደግሞ መለኪያው ከሩዝ ማሳ ወደ ጉብታ የተዛወረ ነው፤ ተማሪ ሳለሁ ሄጄ አይቼዋለሁ። ጉብታው ላይ ዝናቡ ይበረታል። እሷ አታውቅም። ጣቢያውን አውጥቼ ባሰላው ግኝቷ ይፈርሳል...

ሻይ ስቀዳ ሳንጎራጉር ራሴን ሰማሁት። ካንጎራጎርኩ ስንት ጊዜዬ ነው?

ሜይ 28

አልፈረሰም።

ጭማሪው ትንሽ ዝቅ አለ እንጂ ቆሟል። በአጋጣሚ የመጣ እንዳይሆን የዓመቶቹን ቅደም ተከተል ደጋግሜ እያዘበራረቅኩ ሞከርኩ፤ በተዘበራረቁት ላይ እንዲህ ያለ ጭማሪ አልወጣም። ቆሟል። ልክ ናት። ልክ መሆኗን ከራሷ በላይ የማውቀው እኔ... ይሄ ለማን ይነገራል?

ጁን 4

የከተማው ጽሕፈት ቤት ስብሰባ። አብሬያት ሄጃለሁ። ናጊሳ ጥሩ ተናገረች። ከዚያ አንድ መነጽራም የመንገድ ክፍል ኃላፊ እጁን አነሳ።

"የተራራው መለኪያ ቦታ ቀይሯል አይደል? ታዲያ የጨመረው ዝናቡ ነው ወይስ መለኪያው ሽቅብ ወጥቶ ነው?"

ሰው ሳቀ። የናጊሳ ፊት ዐመድ መሰለ። ወረቀቶቿን ማገላበጥ ጀመረች።

ይሄን ስመኝ ነው የከረምኩት። ደስ አለኝ። ለራሴ ልዋሽ እንዴ? ደስ አለኝ። ከዚያ ሰውዬው "እንግዲያው ልጆቹ እዚያው ይቆዩ፤ የሚቀጥለው ዓመት እናያለን" አለ።

ተነሳሁ። "ያንን ጣቢያ አውጥተን አስልተናል። ውጤቱ አልተለወጠም።"

"አስልተናል" አልኩ... ለምን "አስልቻለሁ" አላልኩም?

ልጆቹ ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤተ መቅደስ አዳራሽ እንዲዛወሩ ተወሰነ።

ስንመለስ፣ ባቡር ውስጥ፦

"መቼ አሰሉት?"

"ባለፈው ሳምንት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ልጥልሽ ፈልጌ ነበር የጀመርኩት።"

ባቡሩ ዋሻ ገብቶ ወጣ። ከዚያ፣ "ጠርጥሬ ነበር" አለች።

ጁላይ 8

ጠዋት የወሩን ዝናብ ግማሽ ያህል በጥቂት ሰዓት ደፋው። ወንዙ ገነፈለ። መዋዕለ ሕፃናቱ እስከ መስኮቱ ድረስ ጭቃ። ማንም አልነበረበትም። ማንም!

ፕሮፌሰሩ ለጋዜጠኞች የጠሩት የናጊሳን ስም ብቻ ነው። ቀናሁ። አዎ፣ ዛሬም።

ጁላይ 10

ናጊሳ ወንበሯን እየጎተተች መጣች። አዲሱን ስሌቷን ከሰው ሁሉ በፊት እኔ እንዳየው ትፈልጋለች።

"ለምን እኔ?"

"ስህተቴን እንደ እርስዎ አጥብቆ የሚፈልግ የለማ!"

ሳቅኩ... ከልቤ። ጠጋ ብዬ ቦታ ሰጠኋት። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ስህተት አገኘሁ። ከእኔ ይልቅ ደስ ያላት እሷ ናት።