ዳቦ የማትሰርቀው ፈዋሽ

ውድ ወንድሜ ደምለው፣

ደምበጫ ባጃጅ እየነዳህ እንደሆነ ሰማሁ። ስልኬን ስለማታነሳ ይህን በያለምወርቅ እጅ ልኬልሃለሁ። ተናድጄብሃለሁ። በራሴ ግን ይብሳል።

አሮጌዋ ላፕቶፕ እኔ ጋ ናት። ያ ጌም ትዝ ይልሃል? አንድ ሰው መርጠህ መንደር ለመንደር እየዞርክ ደግም ክፉም የምትሠራበት? እኔ ሁልጊዜ ፈዋሿን ነበር የምመርጠው፤ አንተ ሌባውን። ገበሬዎቹ ቤት ገብተህ ሳጥን ስትበረብር "ኧረ ተው፣ ነውር ነው!" እያልኩ እጮህብህ ነበር።

"አይ አንቺ፣ ጌም እኮ ነው! ማን ተራበ?" ትለኝና ትስቃለህ።

እኔ ግን አንዲት ዳቦ እንኳ ሰርቄ አላውቅም። ተሳስቼ ንጹሕ ሰው ከመታሁ፣ ሴቭ ካደረግኩበት መልሼ እጀምር ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ከይጁቤ ገበያ ስንመለስ አጎታችን ገዳሙ የጎረቤታችንን የእትዬ ሥራነሽን የድንበር ድንጋይ ሲያዛውር ሁለታችንም አየን። ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀምጠው "ያየ ይማል" ሲሉ ሌባው ተነስቶ ማለ። ፈዋሿስ? "ወንጌል አትማሉ ይላል" ብዬ ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። ፈርቼ ነው፣ ደምለው። ካሳደገን ሰው ቤት ወጥቼ የት እገባለሁ ብዬ ነው።

ቄስ ኃይለ ሚካኤል "ጨዋ ልጅ! ተባረኪ" ብለው መረቁኝ። አንተን ግን "ሲጫወት የሚውል ልጅ ምን ቃል አለው?" አሉህ። መሬቱ ለአጎታችን ተፈረደ፤ አንተንም በዚያው ቀን አባረረህ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እትዬ ሥራነሽ ደግሞ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጉንጬን ስመው ያልፋሉ።

አንተም ታበሳጫለህ! ስትወጣ አንድ ክፉ ቃል ብትናገረኝ ምን ነበረበት? "ጌሜን እንዳታጠፊው" ብለህ ብቻ ሄድክ።

ትናንት የአንተን ሌባ ከፍቼ ልጫወት ሞከርኩ። ገበሬው ቤት ገባሁ፤ ሳጥኑን ከፈትኩ፤ ዳቦዋን ማንሳት አቃተኝ። ያኔ አለቀስኩ። የሌለ ዳቦ አልነካም ያልኩ ሴትዮ፣ የጎረቤቴን መሬት ቁጭ ብዬ አሰርቄያለሁ።

ለቄስ ኃይለ ሚካኤል ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንቀመጣለን" አሉኝ። እምላለሁ። አጎታችን ምን እንደሚያደርግ አንተ ታውቃለህ።

ሰኞ ጠዋት ደምበጫ መናኸሪያ ጠብቀኝ። ላፕቶፗን ይዣት እመጣለሁ፤ ጌምህን አላጠፋሁትም።

ያየችው እህትህ፣
መቅዲ