በልጃቸው አሠልጣኝ የቀኑት የአቶ ወንድሜነህ ቢራቱ የሕይወት ታሪክ

አቶ ወንድሜነህ ቢራቱ ከአባታቸው ከአቶ ቢራቱ ጉደታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ልሳነወርቅ መንገሻ በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. በወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሠራተኞች መንደር ተወለዱ። ስማቸውን ያወጣሁት እኔ ታላቅ እህታቸው የወይንሐረግ ነኝ። ከእኔ በኋላ የተወለዱት ሕፃናት ስላልበረከቱ እናታችን "ለዚህስ አንቺ ስም አውጪለት" አለችኝና ወንድሜነህ አልኩት። አንተ እያልኩ ያሳደግኩትን ዛሬ አንቱ የምለው ለወጉ ነው። ቢሰሙኝ ይስቁብኝ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በፋብሪካው ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃን በናዝሬት ተማሩ። በኤሌክትሪክ ሙያ በዲፕሎማ ተመርቀውም ወደ ወንጂ ተመልሰው በፋብሪካው ወርክሾፕ ተቀጠሩ። የወርክሾፑ እግር ኳስ ቡድን በረኛ ነበሩ፤ ጎበዝ በረኛ። ግን ቀናተኛ ነበሩ። በቀብር ቀን እንዲህ አይባልም የሚለኝ ካለ እሳቸውን በደንብ አያውቃቸውም ማለት ነው። ጎል ያገባው አጥቂ በሰው ትከሻ ላይ ሲወጣ እሳቸው ጓንታቸውን እያወለቁ "እኔ ባላድን ኖሮ ይሄኔ እያለቀሰ ነበር" ይሉ ነበር። ለእኔ ጫማ ከተገዛ ሳምንት ይኮርፋሉ። እኔም እናታችን እሳቸውን ስታቅፍ ካየሁ ምሳ አልበላም። ቅናት የቤታችን ነው፤ ከሌላ አልመጣብንም።

እ.ኤ.አ. በ1998 ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ ሲገቡ ያረፉት አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ፣ እኔ አፓርትመንት ነው። አርሊንግተን ውስጥ በፓርኪንግ ሠራተኛነት ጀምረው ኋላ ታክሲ ይዘው እስከታመሙበት ጊዜ ድረስ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከወይዘሮ ባዩሽ ኪራኮስ ጋር ጋብቻቸውን በሥርዓተ ተክሊል ፈጸሙ። ባዩሽም ወንዙን አሻግራ ሲልቨር ስፕሪንግ ወሰደችብኝ። ይቅር ካልኳት ቆይቻለሁ፤ አብዛኛውን ማለቴ ነው። ከዚህ ጋብቻ ሰሊናን እና ጊዲዮንን አፍርተዋል።

ጊዲዮን ገና መራመድ ሳይጀምር ነው ትንሽ የበረኛ ጓንት የተገዛለት። ልጁ ግን ሃይስኩል ሲገባ የአሜሪካ ፉትቦል መረጠ። ወንድሜ አንድ ወር ሙሉ "ሰው እርስ በርሱ የሚጋጭበት ጨዋታ" ሲሉ ከረሙ። ቆይተው ግን ጊዲዮን ሥራው የሚወረወርለትን ኳስ በእጁ መቅለብ መሆኑን ሲረዱ ተጽናኑ። "እጁ የእኔ ነው" እያሉ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ አወሩ። ልጁ ኮሌጅ ገብቶ በቡድኑ ሲሰለፍ ጀርባው ላይ የተጻፈው፣ እዚህ አገር እንደ ቤተሰብ ስም የሚያዘው የአያቱ ስም ነበር። ስታዲየሙ "ቢራቱ! ቢራቱ!" ሲል እኔ በኩራት አለቀስኩ፤ ወንድሜ ተኮሳተሩ። "የወለድኩት እኔ፣ የሚጠሩት አባቴን" አሉ። በገዛ አባታቸው የቀና ሰው ከእሳቸው ሌላ አላየሁም።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ፣ ጊዲዮን የመጨረሻ ዓመቱን ሊጫወት ሲል፣ ቡድኑ አዲስ ዋና አሠልጣኝ ተሾመለት፤ ሚስተር ዊትፊልድ ይባላል። ይህ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው የተጫዋቾቹን ስም ከማሊያው ላይ ማንሳት ሆነ። ስም የሚጻፈው ሠርቶ ላገኘው ነው አለ። ወንድሜ፣ የአባታቸውን ስም ሲቃወሙ የኖሩት ሰውዬ፣ ያን ቀን "ልጄን ስም አልባ አደረገው!" ብለው ለእኔ ስልክ ደወሉ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ወሬው ሁሉ ኮች ሆነ። ኮች በጊዜ ተኛ ብሏል፤ ኮች ቅቤ አቁም ብሏል፤ እሑድ ምሳ ቀረ፤ ባዩሽ የሠራችው ክትፎ ለእኛ ተረፈ። አንድ ቀን ጊዲዮን "ዳድ፣ ኮች ቱዴይ ሃግ አደረገኝ" አላቸው። ወንድሜ ያን ቀን ታክሲ ይዘው አልወጡም። "እኔ ስስመው 'ዳድ፣ ፕሊዝ' ይላል፤ ለዚያ ሰውዬ ግን ይታቀፋል" አሉኝ። ልጁ ከአባቱ ወስዶ ለሌላ ሰው የሰጠው ነገር እንዳለ እኔም አይቻለሁ።

ቡድኑ በአዲሱ አሠልጣኝ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተሸነፈ። ወንድሜ ልጃቸውን በሐዘን ፊት ያጽናኑና መኪና ውስጥ ሲገቡ ዘፈን ያንጎራጉሩ ነበር። አራተኛውን ሲያሸንፉ አልዘፈኑም። በአምስተኛው ጨዋታ ከአጥሩ ሥር ቆመው በአማርኛ "ውጣ! ቀኝህን እይ!" እያሉ መምራት ጀመሩ። ኳሱ ተወርውሮ ሲመጣ ጊዲዮን በልማዱ ወደ አባቱ ድምፅ ዞረ፤ ኳሱም ደረቱን መትቶ ወደቀ። በማግስቱ አሠልጣኙ ራሱ ደውሎ፣ በትሕትና፣ ከእንግዲህ ከሜዳው ማዶ እንዲቀመጡ ለመናቸው። ወንድሜ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ሲዋረዱ አላየኋቸውም። "ከልጄ አጠገብ ተነስ ተባልኩ" አሉ፤ ስታዲየም አልሄድም ብለውም ማሉ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሆዳቸውን ሲያማቸው የቆየው የጉበት ካንሰር መሆኑ ታወቀ፤ ሐኪሞቹም ጊዜው አጭር እንደሆነ ነገሯቸው። ለጊዲዮን መታመማቸው እንጂ የሕመሙ ክብደት እንዳይነገረው አዘዙ። ከዚያም አንድ ጠዋት ደውለው "ነይ ንጂልኝ" አሉኝ። የወሰድኳቸው ኮሌጁ ድረስ፣ እዚያ አሠልጣኝ ቢሮ ነው። ሊጣሉት መስሎኝ መንገዱን ሙሉ ስለምናቸው ነበር።

ወንድሜ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡና ለአሠልጣኙ መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር አስረዱት። በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን እያለ አይነገርም። ቤት ይወስዱታል፤ የሚያከብረው ሰው አጠገቡ ቆሞ፣ ክንዱን ይዞ ነው የሚነግረው። "ኮች፣ ያ ሰው አንተ ነህ" አሉት። ጨዋታ ቀን ከሆነም ጨዋታውን እንዲጨርስ አደራ አሉ። አሠልጣኙ እንዲህ ያለ ነገር ከልጅ መደበቅ እንደሚከብደው ተናገረ፤ ግን እጃቸውን ይዞ ቃል ገባ። ቀጥሎ አንዲት ቃል አስጠኑት። ሲሳሳት "ኧረ አይደለም፣ እንደገና!" እያሉ ይቆጡታል፤ በዚያ ቢሮ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ።

እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ ተቃጠልኩ። መርዶ መንገር የታላቅ ነው፤ ታላቅ እህት ቁጭ ብዬ እንዴት ለባዕድ ይሰጣል? መኪና ውስጥ አኮረፍኳቸው። እሳቸውም "አንቺ ቀድመሽ ታለቅሻለሽ። ልጁ አንቺን ሊያባብል ነው?" አሉኝ። ቀጥለውም "እኔ እኮ ከአንቺ በላይ እየቀናሁ ነው የሰጠሁት" አሉ።

ቡድኑ ከዚያ በኋላ ጥሩ ጊዜ አሳለፈ፤ አሠልጣኙም ስማቸውን በሥራቸው ላገኙት ልጆች መመለስ ጀመረ። ጊዲዮን ምን ስም ይጻፍልህ ሲባል የአባቴን አለ። የማሊያው ፎቶ በስልክ ሲደርሳቸው ወንድሜ ከአልጋ ቀና አሉ። "ወንድሜነህ" በእንግሊዝኛ ፊደል ከትከሻ እስከ ትከሻ ሞልቶታል። ለነርሷ አሳዩ፤ ለባዩሽ ደጋግመው አሳዩ፤ ለእኔ ደግሞ "አየሽ፣ ያንቺ አባት ወረደ፣ የጊዲዮን አባት ወጣ" አሉ። የአባቴ ስም በመውረዱ ቅር ብሎኛል፤ አልዋሽም። ግን የወጣውም ስም እኔ ያወጣሁት ስም ነው።

አቶ ወንድሜነህ ቢራቱ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ቅዳሜ ኖቬምበር 15 ቀን 2025 ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ጊዲዮን ፔንስልቬንያ ለመጨረሻው ጨዋታ ተጉዞ ነበር፤ እኛም ለአሠልጣኙ ብቻ ደወልንለት። የአባቱን ስም ለብሶ ተጫወተ፤ ቡድኑም በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። አሠልጣኙ ቡድኑን በአውቶቡስ ሸኝቶ፣ የአባትህ ሕመም ጠንከር ብሏል ብቻ ብሎ፣ ልጁን በራሱ መኪና ወደ ቤት ይዞ መጣ። ያን ሁሉ መንገድ መርዶውን በሆዱ ይዞ ነዳ።

በሩ ሲከፈት እኔ ከሁሉ ቀድሜ ተነሳሁ፤ አላስቻለኝም። ጊዲዮን ቤቱን የሞላውን ሰው፣ ጥቁር ነጠላችንን አየ። ወደ እኔ አልመጣም፤ ዞሮ "ኮች?" አለ። ሰውየው ክንዱን ግጥም አድርጎ ያዘና ነገረው። ልጁን ወደ ራሱ ስቦ አቀፈው፤ ያቺን የተማራትንም ቃል "አይዞህ፣ አይዞህ" እያለ ደጋገመ፤ በወንድሜ ድምፅ አወጣጥ፣ ልክ ወንድሜ እንዳስጠኑት። ምን ያህል እንደቀናሁ እግዚአብሔር ያውቃል።

አቶ ወንድሜነህ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ባዩሽ ኪራኮስን፣ ልጆቻቸውን ሰሊናንና ጊዲዮንን፣ እኔን ታላቅ እህታቸውንና በርካታ ወዳጅ ዘመዶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ሰሊና ሚስተር ዊትፊልድም ከቤተሰቡ ጋር ይጻፉ ብላኝ ነበር፤ ወንድሜ አይወዱም ብዬ ተውኩት። ነገር ግን በዛሬው ጸሎት ከጊዲዮን በስተቀኝ ያለው ወንበር የእኔ ነበር። ሚስተር ዊትፊልድ ይቀመጡበታል፤ እኔ ከኋላቸው እሆናለሁ።

እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ የሚቀኑበት ሰው በሌለበት ስፍራ ያኑርልን። ወንድሜ፣ ልጅህ ክንዱን ተይዟል፤ አይዞህ።