ለሐኪሟ የዋሹልኝ ዕለት

ውድ እትዬ ዐፊፋ፣

እንደምን ከረሙ? የኮምቦልቻ ሙቀትስ ተስማማዎት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን የምልዎት ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ ለወጉ ያህል አይደለም፤ በሐኪም ተመርምሬ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በስልክ ልነግርዎት ደጋግሜ ሞክሬያለሁ። እርስዎ ስለ ጉልበትዎ ሲያነሱ እኔ ስለ አንድ ወጌሻ አነሳለሁ፣ ከወጌሻው ወደ ጎረቤቱ እንሻገራለን፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ልጅዎ የሲን ቀስ ብሎ ያንብብልዎት። እናቱ የምትታማበት ቦታ ሲደርስም እንዳይዘል ይንገሩልኝ።

የምሠራበትን ማተሚያ ቤት ያስታውሱታል፤ ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ ያለው፣ የየሲንን የሠርግ ካርድ ያሠራንበት። የካርዶቹን መልክ በኮምፒውተር የማወጣው እኔ ነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ «ያቺ ልጅ ትሥራልኝ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛም አላጣም። ችግሩ መቀመጫዬ ባንኮኒው አጠገብ ነበር። ባለቤቱ አቶ ከተማ ከውስጥ አንድ ትእዛዝ ይነግሩኛል፣ ደንበኛ ከፊት ሌላ ይጠይቀኛል፣ ስልኩ ይጮሃል። አንዱን ሥራ ከፍቼ ሌላውን እነካለሁ፣ እሱንም ትቼ ወደሚቀጥለው። አመሻሽ ላይ ሁሉም ተነክቷል፣ ያለቀ ግን የለም።

በጥር የሠርግ ሰሞን የፈራሁት ደረሰ። የሁለት ሙሽሮችን ካርድ ጎን ለጎን ከፍቼ ስሠራ የአንዱን አዳራሽ ለሌላው ሰጠሁት። ታተመ፣ ታጠፈ፣ ታሸገ። ካርዱን ሊወስዱ የመጡት የሙሽራው አጎት ባንኮኒው ላይ አንዱን ገልጠው አነበቡና «እኛ የተከራየነው ይህን አዳራሽ አይደለም። የማንን ሠርግ ነው የምንበላው?» አሉ። ደግነቱ ካርዱ አልታደለም። አቶ ከተማ ይቅርታ ጠይቀው በራሳቸው ወጪ እንደገና አሳተሙ። ሰውየው ከሄዱ በኋላ ግን ወደ ውስጥ ጠሩኝ።

«ሰልዋ፣ ይሄ የመጀመሪያሽ ቢሆን ዝም እል ነበር። ችሎታ እንዳለሽ አውቃለሁ። ሥራውን ንቀሽው ነው?»

«ኧረ በፍጹም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ምንድን ነው? እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ እንለያያለን።»

እትዬ፣ ከሥራ መባረሩ አስፈራኝ፤ «ንቀሽው ነው» የሚለው ግን ውስጤ ገባ። ምክንያቱም ራሴን ለዓመታት የምጠይቀው እሱኑ ነው። ሌላው ሰው በቀላሉ የሚያደርገውን እኔ ስንት ጊዜ ምዬ ተገዝቼ የሚያቅተኝ ለምንድን ነው? ሰነፍ ነኝ? ግዴለሽ ነኝ? ወይስ ቤተሰቡ ስለ አባቴ እንደሚለው «ዘይኑዲንን የመሰለች ዝርክርክ» ነኝ?

አብራኝ የምትሠራው ሉዋም ናት አምስት ኪሎ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ የላከችኝ። ወንድሟ ታክሞበታል። ሐኪሟ ዶክተር ምብራት ትባላለች፤ ቀጭን፣ ዝም ብላ የምታዳምጥ ሴት ናት። ስታናግረኝ በመስኮቱ በኩል የሚያልፈውን ታክሲ ረዳት ጩኸት እየሰማሁ ጥያቄዋን መሐል ላይ ሳትኩት። አልተቆጣችም። ደግማ ጠየቀችኝ።

ኤዲኤችዲ የሚባል ነገር አለ አለችኝ። ሰው ትኩረቱን ወደፈለገበት መምራት ሲያቅተው ነው፤ ብዙ ሰው የልጆች ብቻ ይመስለዋል፣ ግን አብሮ ያድጋል። «አንቺ ላይ አለ ብዬ ለመጻፍ ግን በልጅነትሽም እንደነበረ ማወቅ አለብኝ» አለች። የትምህርት ቤት ሰርተፍኬቶቼን ጠየቀችኝ። ሰፈራችን ሲፈርስ ዕቃ ስንጭን ከጠፋው ሁሉ አንዱ እሱ ነው። በአደራ ይዤው የነበርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

«እንግዲያው ስታድጊ ያየሽ ሰው ላናግር» አለች። እናቴም አባቴም የሉም፤ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ቁጥርዎን ሰጠኋት። «ከመደወሌ በፊት ግን አንቺ ደውለሽ ምን እንደሆነ ንገሪያቸው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ረሳሁት።

በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ፊቷ ተቀምጬ ነው የደወለችልዎት፣ ድምፁን ከፍታ። እዚያ መሆኔን አላወቁም። ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ እትዬ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ዶክተር ምብራት እባላለሁ። ስለ ሰልዋ አንዳንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። በልጅነቷ ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?»

ጉሮሮዎን ጠረጉ። ያንን አውቀዋለሁ፤ የከበረ እንግዳ ሲመጣ ነው የሚጠርጉት።

«ሰልዋ? ማሻ አላህ! የረጋች፣ የተቀመጠች፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ።»

«ዕቃ ይጠፋባት ነበር?»

«ሰልዋ? ወላ...» ብለው ጀመሩና መሐላውን ዋጡት። «መርፌ እንኳ አይጠፋባትም!»

«የተላከችበትንስ ትረሳለች?»

«ኧረ እሷማ ሳይነገራት ነው የምታመጣው! ደግሞ ሙያዋ...»

ሙያዬን ማንም አልጠየቀዎትም። ዶክተሯ አመስግና ስልኩን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች።

«አክስትሽ እንዳሉት ከሆነ ከሁለታችን መታከም ያለብኝ እኔ ነኝ። አስቀድመሽ አልነገርሻቸውም እንዴ?»

«ረሳሁት።»

«እሱን እጽፈዋለሁ» አለችና ጻፈችው።

ሳቅኩ። ስወጣ ግን ሳቁ እዚያው ቀረ። እንዴት እንዳደግኩ የሚነግራት ሰው ከሌለ ሐኪሟ ምንም ልትጽፍልኝ አትችልም፣ ወሩም እያለቀ ነበር። ታክሲ መያዣው ጋ ቆሜ ደወልኩልዎት። ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሱኝም።

«ልጁ ምን ይሠራል?»

«የቱ ልጅ?»

«የሚያገባሽ ነዋ! እህቱ ደውላልኝ ነበር። ዶክተር ናት፣ አነጋገሯ ጨዋ። አብሽሪ፣ አላሳፈርኩሽም።»

ምን ልበልዎት? እኛ ዘንድ የማያውቁት ሰው ደውሎ ስለ አንዲት ልጅ አስተዳደግ ከጠየቀ ለምን እንደሆነ ማን ይጠፋዋል? የልጇን ጉድለት ገልጣ የምታሳይ እናት የት አለች? እርስዎ ገመናዬን ሸፈኑልኝ፤ እኔ ደግሞ ያን ቀን የሚያስፈልገኝ ገመናዬ ነበር። እዚያው መንገድ ዳር ሰው እያየኝ ሁሉንም ነገርኩዎት፤ ሐኪም መሆኗን፣ አዳራሹን፣ አቶ ከተማን፣ የወሩን መጨረሻ።  እርስዎም አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«እውነቱን ብናገር ሥራሽን ያሳጣሻል ወይስ ያተርፍልሻል?»

«ያተርፍልኛል፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ደግማ ትደውል። ጊዜ ካላት ነው ታዲያ።»

በሌላ ቀጠሮ እኔ ፊቷ ተቀምጬ ደግማ ደወለችልዎት፤ ጊዜዋን ሁሉ ወሰዱባት። ከቁርዓን ቤት ስመለስ የሌላ ልጅ ጫማ አድርጌ እንደምመጣ፣ እርስዎ ጫማዬ ላይ ቀይ ክር እስኪሰፉበት ድረስ የሰፈሩ እናቶች ሁሉ በየማታው በራችን ላይ ጫማ ይለዋወጡ እንደነበር ነገሯት። የቤቱን ቁልፍ ቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ እንደሰፉት ነገሯት። እኔ ያ ቀሚስ ለምን ይከብደኝ እንደነበር ያን ቀን ገና ገባኝ። ከዚያ የስኳሩን ነገር አነሱ።

 ስኳር ወይ ሳሙና ሲልኩኝ በረንዳው ላይ ቆመው ይጠብቁኝና ልክ ማዕዘኑ ጋ ስደርስ «ምን ነበር?» ብለው ይጮሁ ነበር። እኔም ከታች «ስኳር!» እላለሁ። የአራዳ ልጆች እንደዚህ ያለ ነገር መቼ ያልፋሉ? ስሜ ስኳር ሆኖ ቀረ። እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ «ምን ነበር?» የማይለኝ የለም። እርስዎ ላይ አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። በሰው ፊት እንደሚያዋርዱኝ፣ እንደሰለቸሁዎት ነበር የማስበው። ይህን ነግሬዎት አላውቅም።

እርስዎ ግን ለዶክተሯ እንዲህ አሏት፦ «ልጆቹ ሲስቁባት አሳዘነችኝና አንድ ጊዜ ሳልጮህ ተውኳት። ቆይታ ቆይታ ስትቀር ብወርድ ድልድዩ ጋ ቧንቧ ሲቆፍሩ አፏን ከፍታ ታያለች፤ ብሩ በእጇ ነው። ልጄ፣ ይቺ ሰነፍ አይደለችም። ሐሳቧ ነው ቀድሟት የሚሄድ። ድምፄ ሲደርሳት ይመለሳል። ታዲያ ሰው ሳቀ ብዬ ልተዋት?»

ዶክተሯ መጻፏን አቆመች። እኔ ደግሞ መሐረብ ፍለጋ ቦርሳዬን ስገለብጥ የክሊኒኩ ወለል ላይ ምን ያልወደቀ ነገር አለ! ከትናንት ወዲያ የጠፋው የቤቴ ቁልፍ እንኳ ተገኘ።

በመጨረሻ እርስዎ ራስዎ ጠየቋት። «ይሄ ነገር በዘር ይመጣል?»

«ብዙ ጊዜ አዎ።»

«ወንድሜ፣ አባቷ፣ እንደዚሁ ነበር። ሥራ ይጀምራል፣ አይጨርስም። ከሰው ማስታረቁ ሰልችቶን... እኛ እኮ ስንወቅሰው ነው የሞተ። እሱም ይሄ ነበረበት ማለት ነው?»

«ያላየሁትን ሰው መርምሬያለሁ ልልዎት አልችልም» አለች ዶክተሯ ለስለስ ብላ። «ግን ሊሆን ይችላል።»

«ወይ ዘይኑ» አሉ።  እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴን ሳስብ ቀለል ይለኛል። እርስዎም እንደዚያ ቢሆንልዎት ብዬ እመኛለሁ።

ዶክተሯ ኤዲኤችዲ እንዳለብኝ ነገረችኝ። «ይሄን ሁሉ ተሸክመሽ እንዴት ተማርሽ፣ እንዴት እስከዚህ ደረስሽ ልልሽ ነበር፤ አሁን ግን ገባኝ» አለችኝ። መድኃኒቱን በሚቀጥለው እናየዋለን፣ መጀመሪያ የሥራ ቦታሽ ይስተካከል ብላ ለአቶ ከተማ ጻፈችላቸው። ታክሲ አልያዝኩም። ከአምስት ኪሎ በእግሬ ወርጄ በረንዳችን በነበረበት በኩል አለፍኩ። አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰዎች ተቀምጠው ያወራሉ። እዚያ ቆሜ ሰነፍ አይደለሁም አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። አንዲት ሴትዮ ዞራ አየችኝ። ግድ አልሰጠኝም። ትከሻዬ ላይ ለዓመታት የኖረ ነገር የወረደልኝ ያኔ ነው።

አቶ ከተማ የሐኪሟን ወረቀት መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። አንድ ሥራ ሳያልቅ ሌላ አይሰጣት፣ ትእዛዝ በቃል ሳይሆን ተጽፎ ይሰጣት፣ ከባንኮኒው ትራቅ፣ ከመታተሙ በፊት ሌላ ሰው ያንብብላት ይላል።

«እኔ ደግሞ ንቀት መስሎኝ» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«እኔም አላወቅኩም ነበር፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ በምን ኖርሽ?»

ስለ በረንዳው ነገርኳቸው። ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ሉዋም ምን ተፈጠረ ብላ መጣች። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬ ወደ ውስጥ፣ ወረቀት መቁረጫው ማሽን አጠገብ ተዛወረ። ጩኸቱ ሰው ያሳብዳል ይላሉ፤ እኔን እንደሱ የሚያረጋጋኝ የለም። ትእዛዝ ተጽፎ ኮምፒውተሬ ላይ ይለጠፋል። ሉዋም ታነብልኛለች፣ እኔም የእሷን ሥራ አነብላታለሁ። መርሳቴ አልጠፋም፤ ባለፈው ሳምንት ምሳዬን ታክሲ ውስጥ ትቼ ወርጃለሁ። የወሩ መጨረሻ ግን አለፈ፣ እኔም ወንበሬ ላይ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምርልዎት። አሁን አንድ ካርድ ወደ ማተሚያው ከመግባቱ በፊት አቶ ከተማ ባንኮኒው ጋ ቆመው በዚያ ወፍራም ድምፃቸው «ምን ነበር?» ይላሉ። እኔም ከውስጥ የሙሽሮቹን ስም፣ ቀኑንና አዳራሹን እጮሃለሁ። ደንበኞች ይስቃሉ። አላፍርም።

ዶክተሯ ወንድም አላት ወይ ብለው በየሲን በኩል መጠየቅዎን ሰምቻለሁ። የላትም፣ እትዬ። ይተዉት።

ባለፈው ኢድ አውቶቡሱ አምልጦኝ ሳልመጣ ቀረሁ፤ እርስዎ ግን የእኔን ድርሻ አስቀምጠው እስከ ማታ እንደጠበቁኝ የሲን ነግሮኛል። ለሚመጣው ኢድ እመጣለሁ። የዚያን ቀን ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ስደርስ ይደውሉልኝና እንደ ድሮው «ምን ነበር?» ብለው ይጩሁብኝ። የፈለገው ሰው ይስማ።

«ኮምቦልቻ!» እላለሁ።

ልጅዎ
ስኳር